አይረበሹ የተባሉት እንግዳ

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የ304 ቁጥር በር ሲከፈት፣ አዛውንቱ የፋብሪካ ባለቤት አልጋቸው ላይ ተንጋለው፣ ትራስ ፊታቸው ላይ እንደተጫነ ተገኙ። ስምንት ተኩል ላይ ደግሞ የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተቆለፈባት።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ግድግዳ። በምላሷ የተነሣ ባልደረቦቿ «እሳቷ» ይሏታል፤ ዛሬ ግን ያ ምላስ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ከበሩ ማዶ ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ ሲያወራ ይሰማታል።

«ቁልፍ ያላት እሷ ናት። ትናንት ሟቹ ‹መነጽሬን የት አደረግሽው?› ሲሏት የመለሰችላቸውን ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። ውሰዷትና እንገላገል።»

ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳትቀር ሠርታለች። እንገላገል!

በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ጫማው አቧራ የለበሰ መርማሪ ገባና አንሶላዎቹ ላይ ሊቀመጥ ዝቅ አለ።

«እሱ ንጹሕ ነው!» አመለጣት።

«ይቅርታ እህቴ።» ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሥራ ወረቀቷን ዘረጋ። «304 ላይ ሁለቴ ‹ዲኤንዲ› ብለሻል፤ ሦስት ሰዓት ላይና አምስት ሰዓት ላይ። ምንድን ነው እሱ?»

«አይረበሹ ማለት ነው። የእኛ የሆቴል ሰዎች አጠራር ነው፤ እንግዳ በዚህ ስም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ‹እባክዎ አይረብሹ› የሚለው ካርድ በሩ ላይ ከተሰቀለ አላንኳኳም፤ ሰዓቱን ጽፌ አልፋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ስምንት ሰዓት ነዋ! ስምንት ሲሞላ ይደወልላቸዋል፤ ዝም ካሉ አለቃዬ ትከፍታለች። ሰው ታሞም ወድቆም ሊሆን ይችላላ። ዲኤንዲ ማለት ይሙቱ ማለት አይደለም።» ያለችው ቆጫት፤ ከንፈሯን ነከሰች።

«ካርዱ ለየክፍሉ አንድ አንድ ነው?»

«አንድ አንድ ነው፤ እሱንም እንግዶቹ ይዘውት ይሄዳሉ! ለዚህ ነው ከጀርባው በእርሳስ የክፍሉን ቁጥር የምጽፍበት።»

መርማሪው ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አውጥቶ ጀርባውን አየና መልሶ ከተተው።

«እወጣለሁ?» አለችው።

ተነሥቶ ወጣ። በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው፤ ኮሪደሩ ላይ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል።

«ለጋሼ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» ይላል የሟቹ ሹፌር። «ትናንት ማታ ‹ከነገ ወዲያ ለፊርማው ና፣ ነገ አልፈልግህም› አሉኝ። ካርድ መስቀል ይወዳሉ። በየሄድንበት ሆቴል ስምንት ሰዓት ላይ እየደወሉ ይቀሰቅሷቸዋል፤ ንዴቱ የሚወርደው ግን እኔ ላይ ነው!»

«የምን ፊርማ?»

«ፋብሪካውን ከአማቻቸው እጅ ሊያወጡት ነበር።»

ቀጥሎ የመጣው ያው አማች፣ የ306 እንግዳ ነበር። «አባባን ዛሬ አላየኋቸውም። ሆቴል ሳድር የመጀመሪያዬ ነው፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረራ አለኝ፤ ቶሎ ብትጨርሱልኝ?»

አሥር ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ፣ ሁሉም 304 ውስጥ ተሰበሰቡ። እሳቷ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች።

«ገዳዩ ሲወጣ ካርዱን ሰቀለ» አለ መርማሪው። «በሩ እንዳይከፈት ነው። ይህች ልጅ ብትሆን ኖሮ ወረቀቷ ላይ ‹ጸድቷል› ማለት ይበቃት ነበር፤ የጸዳ ክፍል እስከ ነገ የሚነካው የለም። ዲኤንዲ ብላ ስትጽፍ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ክፈቱት ማለቷ ነው። ገዳይ ለገደለው ሰው ሬሳ ቀጠሮ አይዝም። አለቃዋም ደንቡን ታውቀዋለች፤ ሥራ አስኪያጁም። ሹፌሩ ደግሞ በስምንት ሰዓቱ ጥሪ ሰበብ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰድቧል።»

መርማሪው ሁሉንም በዓይኑ ቃኘ።

«የቀረው ካርዱ በሩን ቀኑን ሙሉ ዘግቶ የሚያቆይለት የመሰለው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየር ላይ ሊሆን ያሰበ ሰው።»

አማችየው ሳቀ። «ግምት!»

«የአዛውንቱ ካርድ እነሆ፣ መጽሐፋቸው ውስጥ፤ ገጽ ይዘውበታል። ገዳዩ ፈልጎ ሲያጣው የራሱን አመጣ።» በር ላይ የነበረውን ካርድ ገለበጠ። በእርሳስ 306 ይላል።

«እሷ ናት የቀያየረችው!» አለ አማችየው።

«እኔ?» እሳቷ ከፖሊሶቹ መሐል ብቅ አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚከፈት እያወቅሁ? እብድ መሰልኩዎት?»

«ማን ክፈቱ አላችሁ!» ጮኸ። «አይረብሹ ይላል እኮ! እስከ ማታ ማንም...»

ቃሉን ሳይጨርስ ራሱን ሰማው። ፖሊሶቹ እሳቷን ትተው ወደ እሱ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለ። «በይ እንግዲህ፣ ያልተነኩ ክፍሎች አሉ።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ክንዱ ላይ አኖረችለት። «እርስዎ ይንኳቸው።»

መርማሪው ደረጃው ላይ ደረሰባት። «ነይ፣ በመኪና ላድርስሽ።»

«በፖሊስ መኪና? ሰፈሩ ምን ይለኛል? በእግሬ ነው የምሄደው።»

ሠራተኛ በማይወጣበት በዋናው በር፣ በረኛው አፉን ከፍቶ እያያት፣ ወጣች።