አስራ አንድ ሰከንድ

ከሽንፈቱ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ዘጠኝ ፍልሚያ፣ ዘጠኝ ድል። ሰማንያ አራት ሺህ ተከታይ። ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም፣ ሠላሳ ሰከንድ።

የመጨረሻውን ቁጥር ከጂሙ ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። አሰልጣኙ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚዎቹን ከልምምድ በፊት ጫማ አስወልቆ በአንድ እግር ያቆማቸዋል። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋልና፣ ሃያ ሰከንድ ያልሞላለት ጓንት አያጠልቅም። ሰዓት ይዛ በሰማያዊው ደብተር የምትጽፈው የአስራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። «መብረቁ» የሚባለው ተፋላሚ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ የጻፈችውን አሰልጣኙ መለስ ብሎ አይጠይቅም።

አስረኛው ፍልሚያ አርባ ሰባት ሰከንድ ብቻ ፈጀ። የተጋጣሚው ክርን ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈና ወንድሟ እንደ ጆንያ ተዘረገፈ።

በማግስቱ ክፍል ስትገባ የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ ጠበቃት። «አንቺ፣ መብረቅ ያላችሁት ባትሪ ሆኖ ተገኘ አይደል? እሱም ያላለቀ መስሎን ያለቀ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ልጅ ባለፈው ሳምንት ከወንድሟ ጋር ፎቶ አንሺኝ ብሎ እግሯ ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ተከታዩ ሃምሳ ሁለት ሺህ ሆነ።

«ተያቸው ባክሽ» አለ ወንድሟ፣ ቤት ገብታ የክፍሉን ቀልድ ስትነግረው። «የውድድሩ አዘጋጅ ደውሎልኛል። በሦስት ሳምንት ሌላ ፍልሚያ አለኝ። አንዴ ላሸንፍ እንጂ ሁሉም እየተንጋጋ ይመለሳል።»

እያወራ ውሃ ቀዳ። ውሃው ከብርጭቆው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሱ ልብ አላለም። ትንሽ ቆይቶ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ትምህርት ቤት ምን አሉሽ?» አላት።

አሁን ገና ነግራው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጂም ውስጥ ወንድሟ ጫማውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ግራ እግሩን አነሳ። አሰልጣኙ ወዲያ ጥግ የአንዱን እጅ በፋሻ እየጠቀለለ ነበር። እሷ ሰዓቷን ተጫነች። በሰባተኛው ሰከንድ ቁርጭምጭሚቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በአስራ አንደኛው እግሩ መሬት ነካ፤ ግድግዳውን ባይዝ ይወድቅ ነበር።

«ሠላሳ በይ» አለ በሹክሹክታ።

«አስራ አንድ ነው።»

«ሚጢጢ፣ ስሚኝ። አሁን ከቆምኩ የሚያስታውሰኝ የለም። ለዛሬ ብቻ፣ በሞቴ!»

ለምኗት አያውቅም ነበር። 30 ብላ ጻፈች። «ሠላሳ!» ስትል የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«አንተ አንበሳ!» አለ አሰልጣኙ ዞር እንኳን ሳይል። «ጓንትህን አጥልቅ።»

«ግድግዳው» የሚሉት ግዙፍ ተፋላሚ ከወዲያ በኩል ትከሻውን እያፍታታ ይጠብቃል። ወንድሟ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የቀኙን ጓንት ግራ እጁ ላይ ሊያስገባ ይታገላል። አውራ ጣቱ አልገባ አለው። አውጥቶ አየው፤ መልሶ እዚያው እጅ ላይ አስገባው። ያ ውድቀት፣ ያ ድምፅ የሌለው አወዳደቅ፣ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። «ግድግዳው» አንዴ ቢሰነዝርስ?

ሠላሳን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ 11 ጻፈች። ጂሙን አቋርጣ ደብተሩን አሰልጣኙ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ።»

«ምነው ልጄ? አስራ አንድና ሠላሳ ይምታታል እንዴ?»

«አይምታታም። ዋሽቼ ነው።»

አሰልጣኙ ደብተሩን አየ፤ ከዚያ የተገላቢጦሽ የገባውን ጓንት አየ። ፋሻውን ጣለ። «አውልቅ» አለ። «ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

ታክሲ ውስጥ ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሐኪሙ ሦስት ወር እንዳይፋለም ከለከለው። ፍልሚያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወንድሟ ለአስራ ስድስት ቀን አኮረፋት፤ ጨው እንኳን በእናታቸው በኩል ነበር የሚጠይቃት።

በሰባተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማድ ቤት ውስጥ ባዶ እግሩን ቆሞ አገኘችው። ተከታዩ ሃያ ስድስት ሺህ ደርሶ ነበር፤ ስልኩን ግን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶታል።

«ሰዓት ያዢልኝ» አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰዓቷን ተጫነች። ትንፋሿን ውጣ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ አየች። እግሩ መሬት ሲነካ እሷም ተጫነች።

«ሃያ ሞላ?» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየችው። አስራ ዘጠኝ ነበር። አስራ ዘጠኝ ብላ ነገረችው።