ቆሞም የሚበላ

የቀራንዮ ጭጋግ ሳይነሳ ሹፌሩ መሸሻ በባትሪ የምትሄደውን ጋሪ ከጣሊያን መጋዘን ሰርቆ ወጣ። ኋላ፣ ጆንያ መሐል፣ ጭኑን ጥይት የበሳው ረሻድ ተጋድሟል። ከያዙት ዛሬውኑ ይሰቅሉታል። ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ጫፍ አርበኞቹ ዘንድ ከደረሰ ግን ይተርፋል።

የረሻድ እህት ሰዓዳ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣለች። የዚያ መጋዘን ጠራጊ ስለሆነች የጋሪዋን ጠባይ ታውቃለች። መሸሻ የካሚዮን ሹፌር ነው፤ የማያጓራ ነገር መኪና አይመስለውም።

«ይቺ አንቀልባ ዳገቱን ልትወጣ ነው?»

«ባትሪዋን ካላባከኑባት ትወጣለች፣ ጋሽ መሸሻ። ኃይል የሚሰጣት እጀታው ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ይልቀቁት።»

«መንዳት አስተምሪኝ እንጂ» አለና ጭራሽ ጨብጦ ያዘው።

ዝናቡ ወረደ። ጭቃው ጎማውን ዋጠ። ወርደው ሲገፉ ደም የሸተተው ጅብ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ወደ ረሻድ ተንደረደረ። መሸሻ ከልማዱ ይዞት የመጣውን የካሚዮን ማስነሻ ብረት አንስቶ አፍንጫውን አለው። ጅቡ እየጮኸ ሸሸ።

ወዲያው ከላይ ካሚዮን አጓራ። ወታደሮቹ ደርሰዋል። መሸሻ ጋሪዋን ጥድ ውስጥ ከቶ አጠፋት፤ ጸጥ አለች። ካሚዮኑ መንገድ ላይ ቆመ። ወታደሮቹ ወርደው ጫካውን ሲያስሱ ሞተሩ ሳይጠፋ ያጓራል።

«ለምን አያጠፉትም?» አለች ሰዓዳ በሹክሹክታ።

«በዝናብ ያጠፋ፣ መልሶ ለማስነሳት ክንዱ ይገነጠላል። እኔም አላጠፋም።» ጢሱን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ሆዳም! ቆሞም ይበላል።»

አሰሳው ረዘመ፤ በመጨረሻ አንዱ የጎማውን ፈለግ አገኘ። መሸሻ ጋሪዋን ወደ ቁልቁለቱ አወጣት፤ እጀታውን ለቀቀው። በክብደቷ ብቻ ተንሸራትታ፣ ጠጠራማውን ወንዝ አቋርጣ ዳገቱ ሥር ደረሰች። ያኔ ጨበጠው። ካሚዮኑ ከኋላ ወንዙን ተሻግሮ እየቀረበ፣ ጥይት እየዘነበ፣ ጋሪዋ ታዘግም ጀመር።

«አትቁሚብኝ፣ እናቴ» አላት ጋሪዋን። ሲሰድባት የዋለው ሰውዬ!

ካሚዮኑ አስነጠሰው። አንዴ ተንፈራፈረና ዳገቱ ወገብ ላይ ደርቆ ቀረ። ቤንዚኑ አልቋል። ወታደሮቹ በእግር ሊከተሉ ሲሞክሩ ከላይ የአርበኞች ጠመንጃ መለሳቸው።

ጫፉ ላይ ጋሪዋ ቆመች፤ ጉልበቷን ጨርሳለች። መሸሻ በካሚዮኑ ብዙ ቁስለኛ አመላልሷል፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ማን በመንገድ እንደሞተበት የሚያውቀው ሲያወርድ ነበር። አሁን ዞሮ አላየም። ተቀምጦ የረሻድን ትንፋሽ ሰማ።