የዘጋሁት ቫልቭ

መልሱን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። በሹክሹክታም አይደለም፤ ምስሬን እየለቀምኩ ጮክ ብዬ «ሰውየው ሚኒባሱ የሞላ እንዲመስል የሚቀመጥ ነው» አልኩ። ማን ሰማኝ? ሦስት ልጆች ከግንቡ ጥላ ሥር ባዶ ጄሪካን ላይ ተደርድረው፣ ድምፄ እንደ ዝንብ አለፋቸው። ትንሽ ቆይቶ ጠሃ ያንኑ የኔን ቃል ደገመው፤ «ፐ! ጭንቅላት!» ተብሎ ተጨበጨበለት።

«ይሄን እኔ ብዬው የለም ወይ?» አልኩ።

«ወላሂ እማማ ሸዋ፣ አልሰማሁዎትም።»

«መስማትማ ከየት ታውቃለህ።»

ጠሃ የጎረቤታችን የባለሱቁ ልጅ ነው፤ ቁመት እንጂ ጆሮ አልተሰጠውም። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰውዬ በየቀኑ አዳማ መናኸሪያ፣ ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መኪናው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይወርዳል። ሞጆን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ለምን? ጨዋታውን ያመጣችው የተከራያችን የዲንቄ ልጅ፣ ጂጂ ናት። «የስ-ኖ» ይሉታል። አንዱ ግራ የሚያጋባ ነገር ያወራል፣ ሌሎቹ በጥያቄ ያጣድፉታል፣ እሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ይላል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ የሁሉም ስልክ ሞቷል። ውሃም ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው። ያ የአዳማ ሙቅ ነፋስ አቧራውን ከመንገድ ዝቆ ያመጣና ፊታችን ላይ ይደፋል። ሌላ ምን ይሥሩ?

እኔ ግን አለመሰማት ለምጄዋለሁ። በዚህ ሳምንት በተለይ።

ነገሩ የሮቶው ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲደርስም የሚመጣው ሰው ሲተኛ። በቤቱ እንቅልፍ የሚሸሸው እኔን ስለሆነ ቫልቩ የኔ ሥራ ነው። ውሃው ሲመጣ እከፍታለሁ፣ ሮቶው ሲሞላ እዘጋለሁ። ሳይዘጋ ከታደረና የመንገዱ ውሃ ከቆመ፣ የእኛው ውሃ በገባበት ቧንቧ ተመልሶ ይሄዳል። ሲነጋ ሮቶው ባዶውን ይጠብቅሃል። ይህን በግቢው የማያውቅ የለም።

ማክሰኞ ሌሊት ሞላሁት። ዘጋሁት። በእጄ አጥብቄ፣ ደግሞ ተመልሼ ነክቼ። ረቡዕ ጠዋት ሮቶው ውስጥ ጠብታ የለም።

ልጄ መሳይ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በዚያው ጠዋት ከጅቡቲ መንገድ ገብቶ ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ አጣ። «እማዬ፣ ረስተሽዋል» አለኝ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር፤ እጄን ይዞ እንደ ሕፃን አስቀመጠኝ። ሚስቱ፣ ምራቴ መሰለች ደግሞ «ዛሬ ቫልቭ ነው፤ ነገ ምድጃ ቢሆንስ?» አለች። ዘግቻለሁ አልኩ። «እሺ እማዬ» አሉኝ ሁለቱም። ያቺ «እሺ» ምን እንደሆነች የሚያውቅ የሸመገለ ሰው ብቻ ነው።

እናም ነገ ቅዳሜ ወለንጪቲ፣ ልጄ ዘርፉ ጋ ልወሰድ ነው። «ትንሽ እረፊ» ነው የተባልኩት። የዕረፍቱ ማለቂያ መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ዘርፉ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ወለንጪቲም ክፉ አገር አይደለችም። ግን ወድዶ መሄድና «እጇ አይታመንም» ተብሎ መወሰድ አንድ አይደሉም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እጄን ግን አውቀዋለሁ።

የልጅ ልጄ ማርቲ ከረቡዕ ወዲህ ዓይኗን ከዓይኔ ታሸሻለች። የመሳይ ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ እኔው አዝዬ ያሳደግኳት። ስለምሄድ የከፋት መስሎኝ ነበር። ዛሬም ከጓደኞቿ መሃል ተቀምጣ የጄሪካን ክዳን ታጠብቃለች፣ ትፈታለች፣ ታጠብቃለች።

«እኔ የምለው» አልኩ፣ «መልስ የሚሰጠው ሰው ቢዋሽስ?»

«አይዋሽም አኮ» አለች ጂጂ። በኦሮምኛ የገዛ አያቷን እንደምትጠራው ነው እኔንም የምትጠራኝ። «እሱ አዎ ካለ አዎ ነው። ማንም አይጠራጠረውም። አለበለዚያ ጨዋታው ይበላሻል።»

የምስሩን ሰፌድ አስቀመጥኩ። ማንም አይጠራጠረውም!

«እንግዲያው ተራው የኔ ነው።»

ተያዩ። «እምዬ፣ ይከብድሻል» አለች ማርቲ። «ይሄ የድሮ እንቆቅልሽ አይደለም፤ ሎጂክ ነው።»

«ሎጂክም ይሁን ሌላ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። አንዲት አሮጊት ሌሊት ሮቶውን ሞልታ ቫልቩን ዘጋች። ሲነጋ ሮቶው ባዶ ነው።»

ጠሃ ሳቀ። «እማማ ሸዋ፣ ይሄ እኮ የናንተው ሮቶ ነው! ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ?»

«የማን ነው ብዬ ጠየቅሁህ? አሁን አንተ ጠይቅ።»

«እሺ፣ እሺ። ሮቶው ተሸንቁሮ ነው?»

«አይ።»

«ሌባ ቀድቶት ነው?»

«አይ። ያን ሁሉ ውሃ በምን ሊሸከመው፣ በጋሪ?»

«አኮ! አዎ ወይም አይ ብቻ!» አለች ጂጂ። ከዚያ ትንሽ አመነታች፤ ጨዋ ልጅ ናት። «አሮጊቷ... የዘጋች መስሏት ነው? ሳትዘጋው?»

«አይ።»

«በትክክል ዘግታዋለች?»

«አዎ።»

ጠበቅሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» እስኪሉኝ፣ ወይም ያቺን «እሺ» እስኪሉኝ። አላሉም። ጠሃ አንድ ጣቱን አጠፈና «ዘግታዋለች። ይሄ አለቀ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ከረቡዕ ጀምሮ በገዛ ቤቴ ስለምናት ነበር ይህችን ቃል። ያገኘኋት በልጆች ጨዋታ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደከመኝ እንጂ።

«ስለዚህ ሌላ ሰው ነው የከፈተው» አለ ጠሃ። «ከውጭ የመጣ ሰው ነው?»

«አይ። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር።»

«አዎ ወይ አይ ብቻ!»

«አይ አልኩህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ሆን ብሎ ነው የከፈተው?»

እዚህ ድረስ ነበር የኔ እውቀት።

«ዝም አሉ» አለች ጂጂ። «በቃ፣ ተሸንፈናል ማለት ነው። መልሱን ይንገሩን።»

ጊዜ ለመግዛት ብዬ «በእኛ ደንብ የተሸነፈ አገር ይሰጣል» አልኩ። «አገር ሳትሰጡኝ መልስ የለም።»

«ወለንጪቲን ሰጥተንዎታል!» አለ ጠሃ። ጂጂ ወዲያው በክርኗ ጎሰመችው።

«እሷንማ ሳትሰጠኝም ነገ ልገባባት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጠሃ ጆሮው ቀላ። «ሞጆን ይውሰዱ በቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከነደረቅ ወደቧ።»

«ተቀብያለሁ።»

«እሺ፣ መልሱ?»

«መልሱን አላውቀውም።»

«እንዴ! ሞጆን የሚያህል አገር ወስደው?» ጠሃ ተነሥቶ ቆመ። «ይሄማ ዝርፊያ ነው!»

«አኮ፣ እንዲህ አይሆንም» አለች ጂጂም። «መልስ የሚሰጠው የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ የማውቀው መዝጋቴን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያውቅ ካለ እሱን ጠይቁ።»

ይህን ያልኩት በማንም ላይ አስቤ አይደለም። ሰፌዴን አንሥቼ ወደ ምስሬ ልመለስ ነበር።

«እኔን ጠይቁኝ» አለች ማርቲ።

«አንቺን?» አለ ጠሃ። «ታውቂዋለሽ?»

«አዎ።»

ጂጂ ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት፤ አንገቷን ደፋች። ጠሃ ግን ጨዋታው የቀጠለ መስሎታል። «ሆን ብሎ ነው የከፈተው?»

«አይ።»

«ውሃ የመጣ መስሎት?»

«አዎ። ቧንቧው ሲንጓጓ ሰማ። አየር ብቻ ነበር።»

«ታዲያ አሮጊቷን ለምን አልቀሰቀሳትም?»

«ይሄ በአዎና በአይ አይመለስም» አለች ጂጂ ዝቅ ብላ።

ማርቲ መለሰችው። የምታየው ግን እኔን ነበር። «ተኝተሽ ነበር እምዬ። ከስንት ጊዜ በኋላ ተኝተሽ አየሁሽ። እኔ ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ዛሬ እንኳ ትተኛ ብዬ ከፈትኩት። ቀድመሽ ሞልተሽ መዝጋትሽን አላወቅሁም፤ ሲሞላ እዘጋዋለሁ አልኩና ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ከዚያ... እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ጠሃ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አባትሽ ረቡዕ ጠዋት ሲናገረኝ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«በሩ ጋ።»

«አፍሽስ? አፍሽ የት ነበር?»

«ፈራሁ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ከሰዓት ወለንጪቲ የሚል መጣ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ብዬ...» ክዳኑ ከእጇ ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ። ማንም አላነሣውም።

መቆጣት ነበረብኝ። መቆጣት ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ የኔን ከረቡዕ ጀምሮ ጨርሰውታል። ያጠፋችው ለኔ እንቅልፍ ብላ ነው። ዝም ያለችው ግን ለራሷ ብላ ነው። የቱን ልያዝላት?

«ማርቲ» አለ ጠሃ፣ «እኛ ምንም አልሰማንም እሺ? አባትሽን እናውቀዋለን። ከዚህ አይወጣም።»

እኔ ለመሳይ ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «እማዬ ደግሞ በልጅ ታሳብቢያለሽ እንዴ?» ነው የሚለኝ። ቃሌ በዚህ ቤት ዋጋ አጥቷል፤ የሷ ግን ገና አለው። ይህን አልነገርኳትም። ካልገባት መንገሩም አይጠቅም።

ከውጭ ባጃጅ ቆመ። የመሳይን ሳል ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የመንገድ አቧራ የሰጠው ሳል ነው። ማርቲ እጇን በዩኒፎርሟ ጉርድ ጠረገች። አንዴ ወደ ቤቱ በር አየች፤ ገብታ ደብተሯ ላይ ብታጎነብስ የሚከለክላት አልነበረም። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ግቢው በር ሄደች። አባቷ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

መሳይ መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን። «እማዬ» አለ ደክሞት፣ «እንዲህ በይ ብለሽ ነው? ወለንጪቲ ላለመሄድ?»

አያችሁ? አያችሁልኝ?

«እሷ ምንም አላለችኝም!» አለች ማርቲ። ከንጓጓታው ጀምራ እስከ ደብተሯ፣ ከበሩ ጀርባ እስከ ዝምታዋ ነገረችው። ጠሃና ጂጂ ጫማቸውን ያያሉ። ስትጨርስ መሳይ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ማርቲ የተነሣችበትን ጄሪካን ስቦ ተቀመጠበት። በሁለት እጁ ፊቱን አሸ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?» አላት። መልስ አልጠበቀም። «ግቢ፤ በኋላ እናወራለን።»

አልገባችም። መጥታ ከአጠገቤ ቆመች።

«እማዬ፣ በቃ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። «ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ብቻ ዘርፉ ነገ ትመጣለች ብላ አልጋውን አሰናድታለች። እህት ወንድሙ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ቀረች ብል ደግሞ... ለጥቂት ቀን ደርሰሽ ብትመጪስ?»

ሰማችሁ? እህት ወንድሙ ሁሉ ሰምቷል። የኔ መርሳት በስልክ እስከ ወለንጪቲ ደርሷል፤ የኔ መዝጋት ግን ከዚህ ግቢ ሊወጣ አይደለም። ዘርፉ ነገ ስታየኝ እጄን ይዛ ልታስቀምጠኝ ነው፣ «እሺ እማዬ» ልትለኝ ነው። በሳምንቱ ልመለስ ብልም የምመለሰው ያችኑ የረሳች አሮጊት ሆኜ ነው።

«ስልክህ ባትሪ አለው?» አልኩት።

«አለው። መኪናው ላይ ሰክቼው ነበር። ምነው?»

«አውጣው።»

«እማዬ፣ አሁን ደክሞኛል፤ ማታ...»

«እኔም ደክሞኛል። አውጣና ለእህትህ ደውል። ‹እናቴ ዘግታው ነበር፤ ያላመንኳት እኔ ነኝ› በላት። ልክ እንዲህ አድርገህ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ። ድምፁንም ክፈተው፤ ልጅህም እኔም እዚሁ ቆመን እንስማው።»