ሁለት ጣት የቀረው ቫልቭ

ተርቧ ከልምምድ ገንዳው ብቅ ስትል ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ስድብ ነበር። «ተርቧ» ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ምላሷ ስለሚናደፍ።

የግድቡ ጥገና ክፍል ጠላቂ ለመሆን አራት ወር ሠልጥናለች። ብየዳውንም፣ በጨለማ ውሃ ገመድ መቋጠሩንም አልፋለች። ያሸነፋት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠላቂ በጀርባው ሁለት የአየር ሲሊንደር ይሸከማል፤ ከአንዱ አየር ማምለጥ ከጀመረ እጁን ከማጅራቱ ጀርባ ልኮ ቫልቩን ራሱ መዝጋት አለበት። ያለዚያ አየሩ አልቆ እዚያው ይቀራል። የእሷ እጅ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲሆን ሁለት ጣት ሲቀረው ይቆማል። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። በሦስተኛው ከወደቀች ወደ መጋዘን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ የምታየው ከቧንቧ ሲወርድ ብቻ ነው።

«እጅሽ አልደረሰም» አለ አሰልጣኙ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት እየጻፈ።

«የጣቴ ጫፍ ነክቶታል!»

«መንካትማ ዓሣውም ይነካዋል።»

«አንተ እኮ እኔን መጣል ያስደስትሃል።»

«ሬሳሽን ከማውጣት ይሻላል» አለና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ተርቧ ከእግሩ እስከ ራሱ ረገመችው። እውነቱን ለመናገር፣ ስትረግመው ትከሻው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆይታለች፤ ይህም ይብስ አናደዳት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሥራ በኋላ ተርቧ ሱቃቸው ውስጥ የበሩን መቃን ይዛ ትከሻዋን ታፍታታለች፤ ፎጣ በጀርባዋ ይዛ ከላይና ከታች ትጎትታለች።

«እዩልኝማ! እዚህ እስከ ጀርባዬ መሐል ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ምን ይነካዋል? እሱ ነው፣ ያ ክፉ! ፊቱን ሳየው እጄ ይታሰራል።»

«ስለሱ ማውራት ከጀመርሽ ሦስተኛ ኮሌታ ሰፋሁ» አሉ እናቷ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እወቂበት።»

«እሱ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ብቻዋን ልትለማመድ በጠዋት ገንዳው ጋ ደረሰች። ቀድሟት የገባ ነበር። አሰልጣኙ ሲሊንደሩን አዝሎ ከውሃው ሥር ተንበርክኳል። ቀኝ እጁ ወደ ኋላ ተነሣ፤ ጆሮው ዘንድ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ደገመው፣ ሠለሰው። ቫልቩ አጠገብ እንኳ አልደረሰም።

ያኔ ነገሩ በራላት። በአራት ወር ውስጥ ቫልቭ ሲዘጋ አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ሁልጊዜ «ና አንተ አሳያቸው» እያለ ሌላ ጠላቂ ነበር የሚያስገባው።

ከውሃው ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አንተም አትደርስም» አለችው።

«ትከሻዬ ከወለቀ ዓመቱ ነው። ቢመለስም እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ግድቡ ሥር ወርጄ አላውቅም። አለቃችን ይህን አያውቅም፤ ሂጂ ንገሪው።»

«ብነግረው መጋዘን የምትገባው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ። ነገርሽም አልነገርሽም፣ ካልደረስሽ አላሳልፍሽም።»

ልትመታው ፈለገች። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ፣ ሕይወቷን አደራ የምትሰጠው ሰው ቢኖር እሱ እንደሆነ ገባት። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲመጡባት ልብሷን ጠቅልላ ወጣች።

«እስቲ እሱን ውሃ ውስጥ የምትለብሺውን ልበሺውና እጅሽን አንሺ» አሉ እናቷ ያን ቀን ማታ ሱቃቸው ውስጥ። ለብርዱ የሚለበሰውን ወፍራም የውስጥ ልብስ ለብሳ እጇን አነሣች። እናቷ ብብቷ ሥር ጣታቸውን ሰደዱና ጮኹ።

«ይኼው! ልጄን ያሰራት ይሄ ነው! ይህን የቆረጠ ሰው እጅ ሲነሣ አይቶ አያውቅም።»

ሁለቱንም ብብት ተርትረው የሚለጠጥ ጨርቅ ጣልቃ አስገቡበት። ተርቧ ደግማ እጇን ብትልክ ማጅራቷን አልፎ ወረደ። ደስታዋ ግን ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ወደ አሰልጣኙ ሮጠ።

«የውስጥ ልብስህን አምጣ» አለችው።

«ለምን ሲባል?»

«እናቴ ይተረትሩታል። አንተንም ቢተረትሩህ ደስ ባለኝ።»

መጣ። እናቷ ልብሱን አስተካከሉለት፣ ትከሻውን ግን ዳሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይሄ የጨርቅ ብቻ አይደለም። ተኝቷል፤ መቀስቀስ ይፈልጋል።»

ለሁለት ሳምንት ከሥራ በኋላ ሁለቱም ትከሻቸውን ለማፍታታት የሱቁን ግድግዳ በጣቶቻቸው ሲወጡ ከረሙ። አንድ ቀን ሳይጣሉ አልዋሉም።

«ክርንህን ወደ ጎን አትክፈት፣ ወደ ፊት አውጣው!»

«እኔ ነኝ እኮ ይህን ያስተማርኩሽ!»

«ታዲያ አንተን ማን ያስተምርህ?»

አንድ ቀን ክርኑን ከሥር ይዛ ቀስ እያለች ወደ ላይ ገፋችው። የእናቷ የስፌት መኪና ድንገት ዝም አለ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ውሸታም።»

«ያማል። ግን እጅሽን አታንሺ።»

የፈተናው ቀን ተርቧ አንገቷን ደፋች፣ በግራ እጇ የሲሊንደሩን ቂጥ ወደ ላይ ገፋች፣ ቀኝ እጇን ላከች። ቫልቩን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። አሰልጣኙ «አልፋለች» ብሎ ፈረመና ብዕሩን ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ፈተናውን ሊያይ ወደ መጣው አለቃ ዞሮ የትከሻውን ነገር ሁሉ በሰው ፊት ተናገረ።

«አሁን እኔ ልፈተን። ፈታኟ እሷ ትሁን።» አለቃው ፈቀደ።

ውሃው ሥር ፊት ለፊት ተንበረከኩ። እጁ ጆሮውን አለፈ። ማጅራቱን አለፈ። ጣቶቹ የቫልቩን ጠርዝ ያዙ፣ ሸተት አሉ፣ ደግመው ያዙ፤ ቫልቩ ግን አልዞረም። በመነጽሩ ውስጥ አያት፤ ዓይኑ ግን አልለመናትም። ከላይ ያሉት አያዩም። «ዘግቷል» ብትል ማንም አይጠይቃትም። በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሰው ይህ መሆኑን ያወቀችው እዚያ ነው፤ ስላወቀችም ከውሃው ወጥታ እውነቱን ተናገረች።

«መዝጋት አልቻለም። ወደ ግድቡ እንዳትልኩት።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ መጋዘን» አለ አለቃው።

ተርቧ ልብስ መቀየሪያው ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። አሰልጣኙ እርጥብ እንደሆነ ተከትሏት መጣ።

«ሁለተኛ አታናግረኝም፣ አይደል?» አለችው።

«ብታሳልፊኝ ኖሮ አላናግርሽም ነበር፤ አላገባሽምም ነበር።»

«ማን ላግባህ አለህ? መጋዘን ጠባቂ!»

«እምቢ በይ እንግዲህ።»

አፏን ከፈተች። ያቺ የምትናደፍ ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳቻት። አሰልጣኙ ግራ እጁን ወገቧ ላይ ጣለ፤ ቀኙ ቀስ እያለ እስከ ትከሻዋ ተነሣ። ከዚያ በላይ መድረስ አላስፈለገውም።