ሁለት ዐይን ያላየው ብልጭታ

«ታዲያ ቀዩ የት ገባ?» አለች ቺዙሩ።

በሳይንስ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተከፍተዋል። በአንዱ ላይ ኩሮሱ ከቤቱ በረንዳ የቀረጸው ጁፒተር ይታያል። ቀዩ ማዕበል ፕላኔቱ መሐል ላይ እንደ ቁስል ተቀምጧል። ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ቡናማው ቀበቶ ላይ፣ አንድ ነጭ ብልጭታ ቦግ ብሎ ይጠፋል። በሌላው ላይ የሥነ ፈለክ ክበቡ ቴሌስኮፕ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ የቀረጸው ጁፒተር አለ። ያው ረቡዕ፣ ያው ምሽት፣ ያው ሰዓት። ብልጭታው የለም። ይህስ ይሁን፤ ቀዩ ማዕበልም የለም።

«ኩሮሱ፣ አንድ ፕላኔት በአንድ ሰዓት ሁለት ፊት አይኖረውም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የእኛን የቀረጸችው ሆናሚ ናት። ያንተንስ ማን አየልህ?»

ኩሮሱ የገባው እየሳቀ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ።

«ይኸው» አለች ሆናሚ ከመስኮቱ ሥር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ነገሩን ያበላሸው ኩሮሱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከኦሳካ ተዛውሮ ሁለተኛ ዓመት ክፍል ከገባበት ከመስከረም ጀምሮ አፉ አላረፈም። በመጀመሪያው ቀን፣ ዓመት ሳይሞላ በስሜ የሚጠራ ኮሜት አገኛለሁ ብሎ ክበቡን አስቆታል። በኅዳር ደግሞ ጨረቃ ላይ አዲስ ጉድጓድ ተከፈተ ብሎ ሁሉንም ደረጃ ለደረጃ ካስሮጠ በኋላ፣ የቴሌስኮፑ መነጽር ላይ ያስቀመጠውን የሩዝ ፍሬ አሳይቶ በሳቅ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ «ኦሳካ» ሆነ። ኦሳካ ሲያወራ ሌሎቹ ይጠቃቀሳሉ። አሁንም ተጠቃቀሱ። ማስረጃውን ጎንበስ ብሎ ያየ ከመሐላቸው አንድም አልነበረም፤ ቺዙሩ አይታለች፤ ለሌላው የእሷ ማየት በቃው።

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተመረቁ ተማሪዎች በቀለም የጻፉት የክበቡ ሕግ ተሰቅሏል፤ «አንድ ዐይን ያየው ወሬ፣ ሁለት ዐይን ያየው ነገር»። ድንጋይ ወይም የኮሜት ስባሪ ጁፒተር ላይ ሲወድቅ የሚያርፍበት መሬት የለም። ጋዙ ውስጥ ገብቶ ይነዳል፤ ከምድር የሚታየው የዐይን ጥቅሻ ያህል ብርሃን ነው። ካሜራም አንዳንዴ ራሱ የሌለ ነጥብ ይፈጥራል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የቆመ ሌላ ቴሌስኮፕ ያንኑ ብልጭታ፣ በዚያው ቅጽበት ካላሳየ፣ የአገሩ የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር አይመዘግበውም። ረቡዕ ምሽት ደግሞ አብዛኛው አገር በደመና ተሸፍኖ፣ ሰማዩ የጠራው እነሱ ባሉበት በኦካያማ በኩል ብቻ ነበር። ለኩሮሱ ሁለተኛ ዐይን ሊሆን የሚችለው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ደግሞ አላየሁም አለ።

መምህር ሞሪዋኪ ክበቡን እንዲይዙ የተመደቡት በዚህ ዓመት ነው። ስለ ቴሌስኮፕ ከሚያውቁት ስለ መረብ ኳስ የሚያውቁት ይበልጣል፤ አይደብቁትም። ሁለቱንም ስክሪኖች እያገላበጡ ካዩ በኋላ፣ ነገ ዓርብ ከክፍል በኋላ እንወስናለን አሉ። የኩሮሱ ቅጂ የተቀነባበረ ከሆነ ለማኅበሩ የሚላክ ነገር አይኖርም፤ ኩሮሱም ከክበቡ ይወጣል፤ ለእናቱም ይነገራል።

ኩሮሱ ላፕቶፑን ዘጋ። ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ድንጋዩ ስንት ሚሊዮን ዓመት ሲንከራተት ኖሮ ትናንት ሞተ» አለ። «ሲሞት ያየሁት እኔ ነኝ። እናንተ ደግሞ ለቀብሩ ምስክር አምጣ ትሉኛላችሁ።»

አንድ ልጅ ሳቀ። ቺዙሩ አልሳቀችም። ቀልድ አልነበረማ፤ ለዚህ ነው የረበሻት። ኩሮሱ ሲዋሽ ይስቃል። ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። ራሷን ያሳመነችው፣ ነገ ኩሮሱ መላወሻ እንዳያገኝ ሒሳቡን ልጨርስ ነው በሚል ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በመስኮቶቹ ላይ በተዘረጋው ሲባጎ የክበቡ ሥዕሎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ሰማዩ በጠራ ምሽት ሁሉ ተረኛው ጁፒተርን በእርሳስ ሥሎ ይሰቅላል፤ ካሜራ ቢኖርም ባይኖርም። የመጨረሻው ሥዕል የማክሰኞ ነው፤ የቺዙሩ የራሷ። ማክሰኞ ከሆናሚ ጋር ጣሪያ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ቺዙሩ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስለሄደች ሆናሚ ብቻዋን ወጣች። የረቡዕ ሥዕል የለም። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ አቃተኝ ብላ ነበር፤ ቺዙሩም አዝናላት ጓንቷን ሰጥታታለች።

የማክሰኞው ሥዕል ላይ ቀዩ ማዕበል የለም።

ጁፒተር አሥር ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዴ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ከማክሰኞ ምሽት እስከ ረቡዕ ምሽት ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ከግማሽ ዙር ጥቂት የጎደለ ይጨምራል ማለት ነው። ማክሰኞ ከጀርባ የነበረው ፊት ረቡዕ ከፊት ይመጣል። ቺዙሩ በጣቷ መስኮቱ ላይ በተነፈሰችው ጉም ክብ ሠርታ አዞረችው። ቀዩ ረቡዕ ምሽት መሐል ላይ መሆን ነበረበት። ልክ ኩሮሱ እንዳሳየው።

ተሳስቻለሁ ብላ እንደገና አዞረችው። ሒሳቡ እንዲሳሳትላት ፈለገች። በሌላ ቀን ሒሳብ እንዲሳሳት ተመኝታ አታውቅም።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ የክበቡን ላፕቶፕ ከፈተች። ቅድም ብልጭታው በኩሮሱ ቅጂ የታየበትን ቅጽበት ብቻ ነበር ያየችው። አሁን ከመጀመሪያው ለቀቀችው። የፋይሉ ስም ረቡዕ ይላል። የፋይል ስም ግን ማንም ይቀይረዋል፤ ይህን ሐሳብ ያሰበችው ስለ ኩሮሱ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትጮህ ነበር። ስለ ሆናሚ ሲሆን አንገቷን አዙራ በሩን አየች፤ ሰው የሰማት ይመስል።

ፕላኔቱ በስክሪኑ ላይ እንደ ውኃ ውስጥ ሳንቲም ይንቀጠቀጣል። ብዙ ቆየ። ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ዘለለ፤ ከስክሪኑ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ፤ ተወዛወዘና ረጋ።

ቺዙሩ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ቅጂው ድምፅ የለውም። እሷ ግን ሰማችው። ማክሰኞ ሆናሚ ከመሸጫ ማሽኑ የገዛችውን ትኩስ የበቆሎ ሾርባ ስታቀብላት፣ ቺዙሩ ዞር ስትል እግሯ የቴሌስኮፑን መቆሚያ መታ። ሆናሚ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። «ቺዙ፣ ጁፒተርን በእርግጫ አልሽው» አለች። «ድንጋዩንም ኮሜቱንም ቀደምሽ።» ሾርባው የቺዙሩ ካፖርት ላይ ፈስሶ ነበር፤ እድፉ አሁንም እጅጌዋ ላይ አለ።

ረቡዕ ጣሪያ ላይ ባልነበረችበት ምሽት፣ እግሯ ቅጂው ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ አጠራጠራት። ያ ጓንት። «ይኸው» የተባለችው ቃል፣ ቀስ ብላ፣ ከመስኮቱ ሥር። በሲባጎው ላይ የተሰቀሉት የሆናሚ ሥዕሎች፤ ከእነሱስ ስንቱ ታይቶ ተሣለ፣ ስንቱ ከመጽሐፍ ተገለበጠ? ለሁለት ዓመት አብራት ምሳ የበላችውን ልጅ እንዲህ አድርጋ አስባት አታውቅም። ራሷንም ጠረጠረች። ኩሮሱን ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ በቅቷት ነበር፤ ለሆናሚ ግን ሰበብ ስትፈልግ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆየች።

ዓርብ ጠዋት ጫማ በሚቀየርበት መደርደሪያ አጠገብ ጠበቀቻት። ሆናሚ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች እንደወትሮው ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት።

«ዛሬ ኦሳካን እንሸኘዋለን» አለች።

«ቅጂው ውስጥ እግሬ አለ» አለች ቺዙሩ።

ሆናሚ አንዱን ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልጆች በመሐላቸው እየተጋፉ አለፉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፈጥና ፈጥና ተናገረች። ጣሪያው ይበርድ ነበር። ብቻዋን ነበረች። እነዚያ የቴኒስ ክበብ ልጆች፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሰላምታ የነፈጓት፣ ከግቢው ሆነው በስሟ ጠሯት፤ ውረጂ፣ ወደ ገበያው እንሂድ አሏት። ወረደች። በማግሥቱ ጠዋት ቅጂው እንደወትሮው ሲጠየቅ የማክሰኞውን ስም ቀይራ ሰጠች፤ ያው ጁፒተር ነው፣ ማን ያየዋል ብላ። ብልጭታ ይመጣል ብሎ ማን ያውቃል?

«ይህ ድንጋይ ስንት ምሽት እያለ ረቡዕን መረጠ» አለች።

ቺዙሩ ሳቋ ሊመጣ ነበር። ዋጠችው።

«ኩሮሱ ሲወጣ ግን አይተሽዋል።»

«አንቺ ነሽ ያስወጣሽው» አለች ሆናሚ። «እኔ ውሸታም አላልኩትም። በሰው ሁሉ ፊት ያልሽው አንቺ ነሽ። አሁን ተሳስቻለሁ ብትዪ የምትዋረጂው አንቺም ጭምር ነሽ። ዝም ካልን ግን ያልቃል። ለእሱ እንደሁ የሩዝ ፍሬው ስሙን ጨርሶታል።»

ደወል ተደወለ። ሆናሚ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች፤ የቺዙሩን እጅጌ ይዛ፣ እድፉ ላይ፣ ትንሽ ጎተት አደረገች። እባክሽ አላለችም። እጅጌውን ለቅቃ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ቺዙሩ ዝምታውን መዘነችው። ቀላል ነበር፤ የሚያስጠላውም ይኸው ነው። ዝም ለማለት ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ሌሎቹ ወስነው ጨርሰዋል። በምሳ ሰዓት አንዱ የኩሮሱ ጠረጴዛ ላይ የሩዝ ፍሬዎችን በክብ ደርድሮ «አዲስ ኮሜት» ብሎ ጽፎበታል። ኩሮሱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ጠርጎ ቅርጫት ውስጥ ጨመራቸው። አልቀለደም። ልጆቹ ደግሞ መቀለድ ማቆሙን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠሩት።

ከክፍል በኋላ ሁሉም ረጅሙን ጠረጴዛ ከብበው ተቀመጡ። ኩሮሱ ጫፍ ላይ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው። ሆናሚ መስኮቱ ሥር። ቺዙሩ የማክሰኞውን ሥዕል ከሲባጎው ፈትታ ይዛ ገባች፤ ከሆናሚ አጠገብ ያለው የዘወትር ቦታዋ ባዶ ነበር። አልፋው ሄዳ ከኩሮሱ ጎን ያለውን ወንበር ሳበች። ኩሮሱ ሽሽት በሚመስል ሁኔታ ወንበሩን ሸርተት አደረገ። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር።

መምህር ሞሪዋኪ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሚጨምር ሰው ከሌለ እንወስን አሉ።

«ቲቸር፣ እኔ እጨምራለሁ» አለች ቺዙሩ። «ትናንት ኩሮሱን ውሸታም ያልኩት ቅጂያችንን ሙሉውን ሳላይ ነው። ሙሉውን አብረን እንየው።»

ክፍሉ አጉረመረመ። አንዱ በረዥሙ ተነፈሰ፤ ሌላዋ ሰዓቷን አየች። ቺዙሩ ላፕቶፑን ሁሉም ወደሚያየው አዞረች፤ ሥዕሉን ከስክሪኑ ሥር ዘረጋች። ቁልፉን ከመጫኗ በፊት ቀና ብላ ሆናሚን ብቻ አየች። እግሯ ፕላኔቱን እስኪመታ ድረስ ጊዜ አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ሆናሚም ታውቀዋለች። በዚያ መሐል አንድ ሰው በራሱ አንደበት ሊናገር ይችላል። ካልተናገረ ደግሞ ጁፒተር ሲዘል ቺዙሩ ቅጂውን ታቆማለች፤ ይህ እግር የእኔ ነው፣ ቀኑም ማክሰኞ ነው ትላለች።

ቁልፉን ተጫነች።

ፕላኔቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀዩ የሌለበት ፊቱ፣ ቡናማ ቀበቶዎቹ፣ ማንም ያልመታው። ኩሮሱ ሳይታወቀው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

ከመስኮቱ በኩል ወንበር ተንቀሳቀሰ። ቺዙሩ ዐይኗን ከጁፒተር አላነሳችም።