ቁልፉ ያለበት ጥቁር ካሬ

«ይሄ የሰው እጅ ገብቶበታል» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ።

ልጅቷ ከጎኗ ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተፈታታው ስልክ፣ ከአራት ወር በፊት በሞት የተለያት የአባቷ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገዱ ሲሰለቸው ድምፁን ይቀዳል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ እሷ ያወራል። ስልኩ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ያ ሁሉ ወሬ ውስጡ እንደተቆለፈ ቀረ። እናቷ ግን እዚህ እስኪመጣ ድረስ በየጠዋቱ «እስቲ ዛሬ» እያለች ቻርጅ ላይ ትሰካው ነበር።

አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። ሰፈሩ «ሐኪሟ» ይላታል፤ የምታክመው ግን ስልክ ብቻ ነው።

«ሚሞሪውን አንስቶ መልሶታል። የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው፤ እናትሽ አሳይቼዋለሁ ብላኛለች። ቆይ፣ ልኩን ባላሳየው።»

ባለሱቁ ስልኩን ሳይከፍት «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ እንደመለሰው ልጅቷ ታውቃለች።

«ነይ፣ እዪ።»

በሌንሱ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ካሬ ታየ።

«ፕሮሰሰሩ ይሄ ነው፤ የስልኩ አንጎል። ውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። በአንድ ፀጉርሽ ውፍረት ላይ ከሺህ በላይ ይደረደራሉ። መብራትና መጥፋት ብቻ ነው ሥራቸው። ወንድሜ ሲያወራ ድምፁ ቁጥር፣ ቁጥሩ ደግሞ በራ-ጠፋ እየሆነ በዚህ አልፏል። ሰው ይሄን ሠራ ስባል እስካሁን ይገርመኛል።»

«የሚቀመጠው ግን ሚሞሪው ላይ አይደል?»

«ላዩ ላይማ ነው፣ ግን ተዘበራርቆ። የሚፈታው ቁልፍ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ሲመረት አብሮት የገባ ነው፤ አይወጣም፣ አይገለበጥም። ሚሞሪውን ብቻውን የሌላ ስልክ ቦርድ ላይ ብታደርጊው ምንም አይነበብም።»

ልጅቷ በልቧ፣ ለካ ያልሠራው ለዚህ ነው አለች።

«ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ጤነኛ ቦርድ እናዛውራለን። ያ ባለሱቅ ሌላ ቦርድ ላይ ሞክሮት፣ ስልኩ ‹ሁሉም ይጥፋ?› ብሎ ሲጠይቀው እሺ ብሎ ከሆነ ግን ልፋታችን ከንቱ ነው።»

«እሺ አላልኩም።»

አክስቷ ቀና አለች።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዕቃ ልትገዢ የወጣሽ ቀን፣ ሚሞሪውን በሙቅ አየር ማሽኑ አነሳሁት። ከተጣሉት ስልኮች ውስጥ የዚሁ ዓይነት ነበር፤ እሱ ላይ ገጠምኩት። ‹ይጥፋ?› ሲለኝ ደነገጥኩና ባትሪውን ነቀልኩት። ከዚያ ወደ ቦታው መለስኩት።»

አክስቷ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

«ስንት ዲግሪ ላይ አደረግሽው?»

«ሦስት መቶ ሰማንያ። አርባ ሰከንድ።»

አክስቷ እንደገና ሌንሱ ላይ አጎነበሰች፤ የሚሞሪውን ዙሪያ አንድ በአንድ አየች። «ጉድ ነሽ አንቺ። በጣም ተናድጄብሻለሁ። ግን ከሚሞሪው መያያዣ እግሮች አንዱንም አልነቀልሽም። እኔ በአንቺ ዕድሜ ሦስት ሬዲዮ አቃጥያለሁ፤ ወንድሜ ነበር የሚሸፍንልኝ።»

ሙቅ አየር ማሽኑን አበራችው። «ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ሊሞትም ይችላል። ከሞተ ቁልፉም አብሮት ሄደ። እንጀምር?»

ልጅቷ ካሬውን አየችው። የአባቷ ሳቅ ሁሉ ያቺን በምታክል ነገር ውስጥ አልፏል። እጇን ዘርግታ ማሽኑን አጠፋችው።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት። ያደረግሁትንም፣ ሊመጣ የሚችለውንም። እሺ ካለች ነው የምንነካው።»

ቦርዱን አቧራ እንዳይነካው ክዳን አደረገችበትና ወደ በሩ ሄደች።