ሰደርያው ውስጥ ያለው እጅ

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። እስካሁን ያመነኝ የለም፤ ለምጄዋለሁ። ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ነው የሆነው።

እዚህ ቻናል ላይ የምታነቧቸው ታሪኮች አብዛኞቹ ሌሊት ናቸው። ጨለማ፣ ጭር ያለ መንገድ፣ ድንገት የሚጠፋ መብራት...

የእኔ የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ፣ ዮንግዶ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከመርከብ መጠገኛው ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ፣ ሰባተኛ ፎቅ። የክረምቱ ዝናብ ገብቷል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከታች ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል።

ዩንሶ እባላለሁ። የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ከዶግዮም ጋር ነው። እናትም አባትም የሉንም።

ዶግዮም በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርስ ነበር። አንድ ቀን ድልድይ ላይ መኪና ገጨው። ተረፈ። ከደረቱ በታች ያለው አካሉ ግን... አለ፣ ግን አይሰማውም። በመርፌ ብትወጉት አይሰማውም። እጆቹ ደህና ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ ጌም ይጫወታል።

እኔ ቤት ሆኜ ለአንድ ድርጅት የደንበኞች ስልክ እመልሳለሁ። ሲሰድቡኝ "ይቅርታ ጌታዬ" እላለሁ። ከአደጋው ወዲህ አልቅሼም፣ ከልቤ ስቄም አላውቅም። ብቻ ሥራዬን እሠራለሁ። ሩዝ አበስላለሁ። እሱን አገላብጣለሁ።

የዚያን ቀን ጓደኛው ኢንሆ መጣ። ገና ከበሩ ላይ ጀመረው።

"አንተ ሰነፍ! ተነስተህ በር አትከፍትም?"

"እግርህን አውሰኝና እከፍትልሃለሁ" አለ ዶግዮም ከውስጥ።

"የእኔ ይሸታል፣ አትፈልገውም!"

ተሳሳቁ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።

ኢንሆ የሚሠራበት የጌም ቤት ሊዘጋ ስለነበር ዕቃውን ለሠራተኞች አከፋፍለዋል። የእሱ ድርሻ አንድ ጥቁር ሰደርያ ነበር። እናንተም አይታችሁት ይሆናል። ስትለብሱት ጌሙ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ገላችሁ ላይ ይሆናል። ጥይት ሲመታችሁ ደረታችሁን ጠቅ ያደርጋችኋል። ዝናብ ሲጥል ትከሻችሁ ላይ ይንጠባጠባል። በውስጥ በኩል፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ትናንሽ የሚነዝሩ ነገሮች ተደርድረውበታል።

ኢንሆ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ።

ሞቃት ነበር።

አሁን ሰው ያወለቀው ልብስ ዓይነት ሙቀት...

"ማን ለብሶት ነበር?" አልኩት።

"ማንም። ካምና ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ነው የተቀመጠው። ምነው ኑና?" ታላቃቸው ስለሆንኩ ሁለቱም ኑና፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የሚሉኝ።

"ምንም" አልኩ።

ለዶግዮም አለበስነውና መጫወት ጀመሩ። ጌሙ ውስጥ በተመታ ቁጥር ትከሻው ይርገበገባል።

"አየህ?" አለ። "እኔ ስሞት ግማሼ ብቻ ነው የሚሞተው። ለምን እንደማታሸንፈኝ ገባህ?"

ኢንሆ ሳቀና ጌሙን አቁሞ ሽንት ቤት ገባ። ስክሪኑ ደረቀ። እኔ መስኮቱ ጋ ልብስ አጥፋለሁ።

"ኑና።"

"አቤት።"

"ሆዴን ነካሽኝ?"

ቀና ብዬ አየሁት። በመሃላችን ያለው ርቀት የክፍሉ ርዝመት ነው።

"ምን አልክ?"

"ሆዴን..." ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። "አሁንም እየነካኝ ነው።"

ሄጄ የሰደርያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀልኩት። ደረቱ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጠፋች።

"አሁንስ?"

"አለ።"

"ንዝረቱ ይሆናል።"

"አይደለም ኑና። ቆዳ ነው።" ዓይኑ እንባ ሞላ። "በጣቶቹ ጀርባ ነው የሚነካኝ... የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚለኩት። ቀስ ብሎ..."

ኢንሆ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

"እ... ሥራ አለብኝ" አለ። የጫማውን ተረከዝ እንደረገጠ ሳያስተካክለው ወጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዶግዮም ሰደርያውን አላወልቅም አለ። ጌም መጫወቱን ተወው። ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ለብሶት ይቀመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል።

"ያበድኩ መስሎሻል አይደል?"

"አይ።"

"ታዲያ አንቺም ሞክሪው።"

ገላውን ላጥበው ሰደርያውን ባወለቅኩለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ወጥ ቤት ገብቼ ለበስኩት። ለማረጋገጥ ያህል ነው።

መጀመሪያ ምንም የለም።

የመርከቦቹን ብረት ድምፅ እሰማለሁ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።

ከዚያ... በሁለቱ ትከሻዎቼ መሃል፣ ከሰደርያው ከውስጥ በኩል፣ እጅ አረፈብኝ።

አይነዝርም። አይንቀሳቀስም። ዝም ብሎ አረፈ። የጣቶቹ አጥንት ሳይቀር ይታወቀኛል።

መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው እንዲያ ነክቶኝ አያውቅም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሳወልቀው ሩዙ አርሮ ቤቱን ጭስ ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ ኑድል ልሠራ ውሃ አፈላሁ። ድስቱን ሳነሳ እጀታው ከዳኝ፤ የሚፍለቀለቀው ውሃ ሆዴ ላይ ተደፋ።

ሸሚዜ ሲጨስ አየሁት።

ምንም አልተሰማኝም። ምንም።

ዶግዮም ግን ከክፍሉ ጮኸ።

"ሆዴ! ተቃጠልኩ! ኑና፣ ተቃጠልኩ!"

ሮጬ ሄድኩ። ሰደርያው ወንበር ላይ ነው። ልብሱን ገለጥኩት። ሆዱ ደረቅ ነው፤ አልቀላም። እሱ ግን ያለቅሳል። እያለቀሰ ይስቃል።

"አመመኝ ኑና! አየሽ? አመመኝ!"

ከዚያ የእኔን ሸሚዝ አየ። ከሥሩ ቆዳዬ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ሳቁ ቆመ።

ሆስፒታል ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስተኙን። በመሃላችን መጋረጃ አለ። ነርሷ ቁስሌን እያጠበች ደጋግማ ታየኛለች።

"አያምዎትም?"

"አይ።"

"ትንሽም?"

"ትንሽም።"

በመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ዶክተሯ ዶግዮምን በመርፌ ትወጋዋለች።

"እዚህ ይሰማዎታል?"

"አይ።"

"እዚህስ?"

"አይሰማኝም።"

ነርሷ የሞተውን ቆዳ በመቆንጠጫ ይዛ ሳበችው።

"ኧረ ቀስ በሉ!" ብሎ ዶግዮም ጮኸ።

"አልነካሁዎትም እኮ" አለች ዶክተሯ።

ነርሷ መቆንጠጫውን ይዛ ቀረች። ወደ መጋረጃው አየች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ ሌላ ነርስ እጠራለሁ ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ያኔ ነው የገባኝ። እሱ አልዳነም። የእሱ ሆድ እንደሞተ ነው። የሚሰማው የእኔ ነው።

ቤት እንደተመለስን ዶግዮምን አልጋው ላይ አስተኛሁት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ...

"ኑና።"

"አቤት።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ... ግን እግሬም ናፍቆኛል።"

ምን እንደሚለኝ አውቄ ነበር። ገና ሳይጠይቀኝ መልሱ ነበረኝ። ይህ ገላ ለእኔ ምን ሠራልኝ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ይቅርታ ጌታዬ" የሚል ገላ ነው። ለሚናፍቀው ሰው ይሁን።

"እሺ" አልኩት። ሰደርያውን ለበስኩት።

ያ እጅ ውስጡ ይጠብቀኝ ነበር።

በለበስኩት ቁጥር ድንዛዜው ከሆዴ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሰፋል። ደረቴ። ጀርባዬ። ወገቤ። ጭኔ። ጉልበቴ። በመጨረሻ የእግሬ ጣቶች። ከአንገቴ በላይና እጆቼ ብቻ ቀሩልኝ። መሄድ እችላለሁ፣ ግን እግሬን እያየሁ ነው።

ዶግዮም ግን... እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ባሕር ዳር ሂጂልኝ" ይለኛል። እሄዳለሁ። ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ እቆማለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እይዛለሁ።

"ቀዝቃዛ ነው!" ይላል። "አሸዋው ከሥሬ እየሸሸ ነው! ኑና፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ግቢ!"

ቁልቁል አያለሁ። ማዕበሉ እግሬን ሲሸፍነው አያለሁ። የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል።

"ደስ ይላል አይደል?" ይለኛል።

"አዎ" እላለሁ።

አንድ ቀን ኢንሆ ደወለ። ዶግዮም ሁሉንም ነግሮታል።

"ኑና፣ ስለ ፈጣሪ፣ ያን ነገር ጣዪው። ድንዛዜው አፍሽ ላይ ሳይደርስ።"

"አንተ ነህ ያመጣኸው" አልኩት። ልወቅሰው አልነበረም፤ ዝም ብዬ ነው ያልኩት።

አለቀሰ። "ወንድሜ ነው ብዬ እኮ ነው... ደስ እንዲለው ብዬ..."

ሰደርያውን ጣልኩት። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ እስኪወስደው ታች ቆሜ ጠበቅኩ። ብረቱ ሲጨፈልቀው፣ ሲሰባበር፣ በዓይኔ አየሁ። ዶግዮም አልተቆጣም። ሰደርያው የወሰደውን ወስዷል፤ አልተመለሰልኝም። እኔም ይመለስልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። አለቀ ብዬ ነበር።

እስከ ትናንት ድረስ።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይ ነበረች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሸሚዜን አውልቄያለሁ፤ የቃጠሎውን ቅባት ልቀባ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ ዶግዮም ቢጠራኝ እንድሰማው።

"ኑና።"

"አቤት።"

"ከአንቺ ጋር ማን አለ?"

"ማንም።"

የቧንቧው ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል።

"ኑና..."

"ምን ሆንክ?"

"ታዲያ ጀርባሽን የሚነካሽ ማን ነው?"

እኔ ምንም አይሰማኝም። ቀስ ብዬ ዞርኩና ጀርባዬን በመስታወቱ አየሁት።

ቆዳዬ ሰርጉዷል።

አራት ትናንሽ ጎድጓዳዎች፣ በአንድ መስመር። ጣት በጀርባው ሲጫን የሚተወው ዓይነት። ከኋላዬ ያለው ግድግዳው ብቻ ነው።

ጎድጓዳዎቹ ተንቀሳቀሱ። ወደ ላይ። ቀስ... ቀስ ብለው።

"አታባርሪው" አለ ዶግዮም ከክፍሉ። ድምፁ የሚያንቀላፋ ሕፃን ድምፅ ነው። "እባክሽ ኑና። አትንቀሳቀሺ። ሞቃት ነው..."

አልተንቀሳቀስኩም።

ጀርባዬን ጨርሰው አንገቴ ሥር ደረሱ። ድንዛዜው የሚያበቃበት፣ አሁንም የእኔ የሆነው ቆዳ የሚጀምርበት ቦታ ላይ...

ቆሙ።

ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንገቴ ላይ የተኛው ፀጉሬ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ጎን ተገለጠ።